በክንዴ ላይ የተሞከረ

ሰኞ 3

አዲሶቹ ብልቃጦች መጡ። ክዳናቸው ላይ የሚጡ ጥንቸል ተቀምጣለች፤ አንዱ ጆሮዋ ቆሞ፣ ሌላው ተጣጥፎ። ልጄ ሚጡ ስትስላት ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥር ሊሞላት ነውና "እማዬ፣ ያኔ መሳል አልችልበትም ነበር፤ ሌላ ልሳል" እያለች ትነዘንዘኛለች። አይሆንም አልኳት። ደንበኞቻችን እኛን የሚያውቁን በዚያች ጆሮዋ በተጣጠፈ ጥንቸል ነው። ትርጉሟን ደግሞ እኔ እነግራቸዋለሁ። "ይሄ ክሬም በየትኛውም እንስሳ ላይ አልተሞከረም። የተሞከረው እዚህ ላይ ነው" እልና እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳያቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ይገዛሉ።

ድምቢጥ ትቀምማለች፣ እኔ እሸጣለሁ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነው፤ እሷ የኬሚስትሪውን የቤት ሥራ ትሠራለች፣ እኔ ለምን እንደዘገየን አስተማሪውን አሳምናለሁ። ድምቢጥ ብዬ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከዴስኩ በላይ የሚታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነበር። ዛሬ እናቷ እንኳ በዚሁ ነው የሚጠሯት። ወጣት ሆነን፣ ፊቴ ያገኘሁትን ሁሉ ስቀባ ተላልጦ ከቤት መውጣት ባስጠላኝ ጊዜ፣ በእናቷ ድስት ሰምና ዘይት አቅልጣ ያዳነችኝ እሷ ናት። ሱቃችን የተወለደው ከዚያ ድስት ነው።

ባለቤቴ ጓሮ ሆኖ ሲመታ ዋለ። ወንበር አይደለም፣ አልጋ አይደለም፤ ፊታቸው ላይ ሽቦ የተወጠረ ሳጥኖች። "ለዶሮ አርቢ ነው" አለኝ። አናጺ ሥራ አጥቶ ከከረመ በኋላ የመዶሻው ድምፅ ራሱ ዘፈን ነው። ዝም ብዬ አዳመጥኩት።

ረቡዕ 5

ሱቁ ሞልቶ ዋለ። ቁጭ ማለት የለም። ጡረተኛዋ መምህርት መጥተው ስለ ማዲያት ክሬሙ ጠየቁኝ፤ እሳቸውን ተከትለው የሚመጡ አምስት ጎረቤቶች አሉ። ድምቢጥን "መቼ ይደርሳል?" አልኳት። ሚዛኗን እያየች "ይደርሳል" አለችኝ። እግሬ አብጧል። በቃኝ።

ቅዳሜ 8

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ድምቢጥ ክንዴን ካልጠየቀችኝ ሰነበተች።

ድሮ አዲስ ነገር በቀመመች ቁጥር ከኋላ ክፍል ብቅ ብላ "ክንድሽን" ትለኛለች፤ ሌላ ቃል የለም። እዘረጋላታለሁ። ትቀባኛለች፣ በፋሻ ትሸፍነኛለች፣ በማግስቱ መስኮቱ ጋ ወስዳ ታየዋለች። የማዲያቱ ክሬም ግን መጀመሪያ የተሞከረ ጊዜ አቃጠለኝ። ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። እኔ ሳቅሁ፤ "ማዲያቱም ሄደ፣ ክንዱም ሄደ" አልኳት። እሷ ግን አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ዛሬ እኔው ሄጄ እጅጌዬን ሰብስቤ ቆምኩ። "ተይው፣ በራሴ ላይ እየሞከርኩት ነው" አለችኝ። ሙቀቱ እንዲያ ሆኖ ረጅም እጅጌ ለብሳለች። ከሰዓት በኋላ ዕቃ ስታጥብ እስከ ክርኗ ገለጠችው። ምንም ምልክት የለባትም። ቆዳዋ ጠንካራ ነው ማለት ነው። ወይ አዲሱ ቅመማ ሠምሮላታል።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ሰው ለክንዱ ይቀናል?

ማክሰኞ 11

የአንድ አከፋፋይ ድርጅት ኃላፊ መጣ። ወፍራም መነጽር አለው፤ እኔና ሚጡ "ባለ መነጽሩ" ብለነዋል። የማዲያቱን ክሬም በሁሉም መደብሮቹ ሊያስገባልን ይፈልጋል።

"የደህንነት ማረጋገጫው እንዳለቀ እንፈራረማለን" አለ።

"ማረጋገጫው ይኸው" ብዬ ክንዴን ዘረጋሁለት። አልሳቀም። ወደ ድምቢጥ ዞረ። ድምቢጥ ወለሉን አየች።

"እሷ ቀልድ ትወዳለች" አለችው። ስለ እኔ። እንደ እንግዳ ሰው።

ሲወጣ "ምን ማለቱ ነው?" አልኳት። "ወረቀት ነው፣ የወረቀት ነገር። አንቺ ጭንቅላትሽን አታዙሪ" አለችኝ። አላዞርኩም። የወረቀት ነገር መቼም እንቅልፍ ያመጣብኛል። ግን ቀልድ አልነበረም የተናገርኩት።

ዓርብ 14

በድምቢጥ ሹራብ ላይ ድርቆሽ አገኘሁ። አንስቼ "ከብት ማርባት ጀመርሽ እንዴ?" ስላት ቀልቧ ጥፍት አለ። ለብልቃጥ ማሸጊያ እንደሆነ ነገረችኝ። ብልሃተኛ ናት፤ እኔ እስከ ዛሬ በጋዜጣ ነበር የምጠቀልለው።

ሌላም አለ። በሱቁ የኋላ በር ስገባ ባለቤቴና እሷ ቆመው ያወራሉ።

"ሌላ ስድስት ያስፈልገኛል" አለች።

"መጀመሪያ ንገሪያት" አላት።

"ከተፈራረምን በኋላ።"

ሲያዩኝ፣ ባለቤቴ ሜትሩን ኪሱ ከቶ "ለምሳ መጥቼ ነበር" አለኝ፤ ምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

ጅል ነኝ፣ ደስ አለኝ። ለሱቁ አዲስ መደርደሪያ ካላሠራሁ ብዬ ዓመቱን ሙሉ ስነጫነጭ ነበር። ስድስት መደርደሪያ! ሊያስደንቁኝ ነው። አላየሁም፣ አልሰማሁም። መጥረጊያዬን አንስቼ ያልቆሸሸውን ወለል ጠረግሁ።

ሰኞ 17

በሩጫ። መምህርቷ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። አንዷ ወጣት ናት፤ ጥያቄ ታውቃለች። ለደንበኞቼ ሁልጊዜ የምነግራቸውን መልሳ ጠየቀችኝ። "ያለቀለት ክሬም አልተሞከረም ማለት የገባበት ነገር አልተሞከረም ማለት አይደለም ትያለሽ አሉ። የእናንተስ?" ደስ አለችኝ። ሁሉንም አስረዳኋት፤ ሰሙ ከየት፣ ዘይቱ ከየት።

መምህርቷ ግን ገለጻ አይወዱም። እጄን ይዘው "ልጄ፣ አዲሱም እንደ ድሮው ነው?" አሉኝ።

"ሚጡ ትሙት" አልኳቸው።

እንዲህ ምዬ አላውቅም። ከአፌ አምልጦኝ ነው። ደግሞ ምን ችግር አለው? እውነት ነው።

ሐሙስ 20

በሥርዓቱ ልጻፈው። በቅደም ተከተል።

ብልቃጥ አለቀብኝ። ድምቢጥ ከባለ መነጽሩ ጋር ስብሰባ ናት፣ ስልኳን አታነሣም። ከጎማ ጠጋኞቹ ጀርባ መጋዘን መከራየቷን ነግራኝ ነበር፤ ራሴ ልሂድ ብዬ ሄድኩ። ግቢውን በጥያቄ አገኘሁት። አከራይዋ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ ልብስ እያሰጡ ነበር።

"ብልቃጥ ልወስድ ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

"ምን ብልቃጥ? ከጥንቸሎቹ ሴትዮ ጋር ነሽ?"

"ከየትኞቹ ጥንቸሎች?"

"እነዚህ ከኋላ ያሉት ናቸዋ። ለልጅ ልጄ አንዷን ስጡኝ ብል የእንስሳት ሐኪሙ ‘እነዚህ ለቤት አይሆኑም’ አለኝ። ምነው፣ ወርቅ ናቸው? እስኪ አንቺ ንገሪያቸው፣ ፊትሽ ደግ ይመስላል።"

በሩ በሽቦ ነበር የታሰረው። እሳቸው ፈቱልኝ።

ሁለት ረድፍ ናቸው፣ ግድግዳውን ተጠግተው። መጀመሪያ ያየሁት ጆሮ ብቻ ነው፣ ብዙ ጆሮ። ከዚያ ዓይኔ ጨለማውን ለመደው። ጀርባቸው ተላጭቷል፤ በአራት ማዕዘን፣ በጥንቃቄ፣ ልብስ ሰፊ በጠመኔ አስምሮ እንደቆረጠው። የተላጨው ቦታ ላይ ፋሻ አለ። ፋሻው የወለቀባት አንዷ ቆዳዋ ተነሥቷል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። የማዕዘኗ ደግሞ አንድ ዓይኗ ቀልቶ ያለቅሳል፤ ክሬሙን ዓይኗ ውስጥ ጨምረውት መሆን አለበት። አልጮኹም። ጥንቸል ድምፅ እንደሌለው አላውቅም ነበር። አፍንጫቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ጠረጴዛው ላይ ብልቃጦቻችን ተደርድረዋል። በክዳናቸው ላይ የሚጡ ጥንቸል።

ሳጥኖቹ በደንብ የተሠሩ ናቸው። ማዕዘናቸው ያለ ሚስማር ነው የተያያዘው፣ እንጨቱ እርስ በርሱ እንደ ጣት ተጠላልፎ። እንዲህ አድርጎ የሚያያይዝ

አከራይዋ "ምነው ልጄ፣ አመመሽ?" አሉኝ። ውኃ ሰጡኝ። ብልቃጥ ሳልይዝ ተመለስኩ።

ዓርብ 21

ሱቅ ከፈትኩ። ሸጥኩ። አንዲት ሙሽራ መጣች፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት። ሳቀች። ገዛች።

ለምን አሳየኋት?

ድምቢጥ ሁለት ጊዜ "ምን ሆነሻል?" አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። መድኃኒት ገዝታ አመጣችልኝ።

ቅዳሜ 22

ሱቁን ቀድሜ ዘግቼ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። ድምቢጥ ሰም እያቀለጠች ነበር።

"ጎማ ጠጋኞቹ ጋ ሄጄ ነበር" አልኳት።

ማማሰሏን አላቋረጠችም። ትንሽ ቆይታ እሳቱን አጠፋች። "መቼ?" አለች።

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ ሄደሽ እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?"

"አንቺስ ከመቼ ጀምረሽ ነው ዝም ያልሽው?"

ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እያለቀሰች ትለምነኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ሌላ ድምቢጥ ሆና ነው ያገኘኋት።

"ክንድሽ ሲላጥ አንቺ ሳቅሽ" አለች። "እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ነገር ፊትሽ ላይ ቢሆንስ? ዓይንሽ ውስጥ ቢገባስ? ከአንቺና ከጥንቸል ምረጪ ብትይኝ ዛሬም ጥንቸሏን ነው የማስቀድመው። ይሄ ወንጀል ከሆነ ወንጀለኛ ነኝ።"

"ሌላ መንገድ አለ ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በብልቃጥ በሚያድግ የሰው ቆዳ ላይ ይሞከራል ብለሽ።"

"አለ። ጊዜ ይፈጃል። ሰውየው አይጠብቅም።"

"እሺ፣ ይሁን። ለምን አልነገርሽኝም?"

እዚህ ላይ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። "ብነግርሽ አትሸጪውም ነበር" አለችኝ። "አንቺ የማታምኚውን ነገር መሸጥ አትችይም። ከልጅነታችን ጀምሮ አውቅሻለሁ። ውሸት ስትናገሪ ጆሮሽ ይቀላል። ስለዚህ እንድታምኚ ተውኩሽ።"

እንድታምኚ ተውኩሽ።

ከዚህ በኋላ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። "በልጄ አስማልሽኝ" ብዬ ጮኼያለሁ። እሷም "ማይ ያለሽ ማን ነው? እኔ ነኝ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማይ ያለኝ የለም። እኔው ነኝ። ይሄ ነው ከሁሉም የሚያንገበግበኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እኔ ፈረሱን ራሴ ነኝ ስቀልበው የኖርኩት።

እሁድ 23

ሐሙስ ዕለት ያቋረጥኩትን ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው። እንዲህ አድርጎ ማዕዘን የሚያያይዝ አናጺ በዚህ ሰፈር አንድ ብቻ ነው። እሱም ባሌ ነው።

አውቄው ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ ነው ያወቅሁት። ግን ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ሚጡ ጓደኞቿ ጋ እንደሄደች ጓሮ ወጣሁ። እንጨት እየላገ ነበር።

"ዶሮ አልከኝ" አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። ድምቢጥ እንደነገረችው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። "መጀመሪያ እኔም ዶሮ ነበር የመሰለኝ" አለ። "ከዚያ ላደርስ ሄድኩ። ጀርባቸውን ተላጭተው አየሁ።"

"ከዚያስ?"

የመላጊያውን ብናኝ በመዳፉ ጠረገ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ስድስት ጨመርኩ።"

ሰውየው አይዋሽም። ሲጠየቅ አይዋሽም። ችግሩ ካልጠየቁት አለመናገሩ ነው።

"ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ" አለኝ። "አንቺ ከሱቅ እየሳቅሽ ትመጫለሽ። ሚጡም እንዲሁ። ሥራ ፈትቼ በሱቅሽ ስዞር ‘የባለሱቋ ባል’ ሲሉኝ ሰምተሽ አታውቂም። ለመጀመሪያ ጊዜ የእጄን ሥራ የፈለገ ሰው መጣ። ማን ይሁን ምን ይሁን አላልኩም።"

"እኔ ግን ላንተ ማን ነኝ?"

"አንቺማ…" አለና እጁን ሊሰጠኝ ዘረጋ፤ የእንጨት ብናኝ ሞልቶበታል። አልያዝኩትም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አከራይዋ ያውቃሉ፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ ባለ መነጽሩ ያውቃል፣ ባሌ ያውቃል። እኔ መጥረጊያ ይዤ መደርደሪያ እጠብቃለሁ።

ማክሰኞ 25

ዓርብ ማስተዋወቂያ ነው፤ ባለ መነጽሩ አዳራሽ ይዟል። ደንበኞቻችን በሙሉ ተጠርተዋል። ተናጋሪዋ እኔ ነኝ።

ድምቢጥ መጣች። ሰላም አላለችኝም፣ አላልኳትም። "ውሉ ከተፈረመ በኋላ በምታውቂው በሌላው መንገድ ነው የምንሠራው። በእናቴ ሞት" አለች። "አሁን አንድ ቀን ብቻ። እንደ ልማድሽ ተናገሪ። አፍሽን ብቻ ስጪኝ።"

ድሮ ክንዴን ነበር የምትጠይቀኝ።

እሺም አላልኳት፣ እምቢም አላልኳት። እሺ ያልኩ መስሏት ቀለል ብሏት ሄደች።

ከእሷ በኋላ ወደ አከራይዋ ግቢ ሄድኩ። ጥንቸሎቹን እወስዳለሁ ብዬ ነበር፤ የት እንደማኖራቸው ሳላስብ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክፍሉ ባዶ ነው፤ በረኪና ይሸታል። "ትናንት ሐኪሙ በመኪና ጭኗቸው ሄደ" አሉኝ አከራይዋ። "ወዴት?" ስላቸው እጃቸውን አራገፉ። ያለቀሰችው ዓይን ትዝ አለችኝ። አንድ ቀን መዘግየቴ የማን ጥፋት ነው? ሰኞ ለምን አልሄድኩም? ሱቅ ነበር የዋልኩት። ክሬም ስሸጥ።

ዓርብ 28

ጧት ሚጡ ጸጉሯን አሠርታ "እኔም እመጣለሁ" አለች። ትምህርት ቤት ሂጂ አልኳት። አኮረፈች።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። መምህርቷ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ፊት ወንበር ላይ። ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ና ያለው የለም። ባለ መነጽሩ ስለ ድርጅቱ አወራ፣ ድምቢጥ ስለ ቅመማው፤ ተራው የእኔ ሆነ። ድምፅ ማጉያውን ስይዝ ሰዉ ገና ምንም ሳልናገር መሳቅ ጀመረ። ይወዱኛል። እጅጌዬን እስክሰበስብ ነው የሚጠብቁት።

"ይሄ ክሬም" አልኩ፣ "በክንዴ ላይ አልተሞከረም።"

ሳቁ። የቀልድ መነሻ መስሏቸዋል።

"የተሞከረው ጥንቸሎች ላይ ነው። ጀርባቸውን ላጭተው። ዓይናቸው ውስጥ ጨምረው። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ በዓይኔ አይቻለሁ። ክዳኑ ላይ ያለችው ጥንቸል ውሸት ሆናለች። የነገርኳችሁን ሁሉ አምኜ ነበር የነገርኳችሁ።"

ሳቁ ቀስ እያለ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ሞተ። ድምቢጥ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ልቤ በአንድ በኩል ቀለለው፤ አሁን ይነሣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጥለው ይወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ባለ መነጽሩ ግን ፈጠን ብሎ ተነሣና ማጉያውን ከእጄ በትሕትና ወሰደ፤ ፈገግ እያለ። "ባልደረባችን ግልጽ ሰው ናት፤ እናመሰግናታለን" አለ። "እንግዲህ ሰምታችኋል። በእናንተ ፊት አንቀልድም! በአንዲት ሴት ክንድ ላይ ብቻ ተማምነን አናቀርብላችሁም። በሐኪም የተረጋገጠ ነው!"

አጨበጨቡ።

ሁሉም አይደሉም። ጥያቄ የምታውቀዋ ወጣት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እሷን ተከትለው ጥቂቶች ወጡ። የቀሩት ግን አጨበጨቡ፣ ናሙና ለመውሰድም ተሰለፉ።

መምህርቷ ወደ እኔ መጡ። ያጽናኑኛል ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"በልጅሽ ምለሽልኛል" አሉኝ።

"አላውቅም ነበር። እግዜር ያሳይዎት፣ አላውቅም ነበር።"

"ልጅ የሚያህል ነገር ይዞ የሚምል ሰው ማወቅ ነበረበት።" አሉና ሄዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ 30

የሱቁን ቁልፍ በድምቢጥ እናት በኩል ላክሁ። እናቷ በር ላይ ቆመው "ምን ተጣላችሁ? በልጅነታችሁ እንኳ ተኳርፋችሁ አንድ ቀን አታድሩም ነበር" አሉኝ። ምን ልበላቸው? "ሥራ ነው" አልኩ። ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ 4፣ አዲስ ወር

ጸጉር ቤት ተቀጠርኩ። ጸጉር አጥባለሁ። ጥሩ ነው፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አንጋጦ ነው የሚተኛልኝ፣ አያየኝም።

የጸጉር ቤቱ ባለቤት የምንጠቀምበትን ሻምፖ ስታሳየኝ "በእንስሳ ያልተሞከረ ነው፣ አንቺ ትወጂዋለሽ አሉኝ" አለች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ብልቃጡ ላይ ስልክ ቁጥር ነበረበትና ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሣች፤ ድምጿ ደስ የሚል፣ የሚያሳምን። "በፍጹም አንሞክርም፣ እመቤቴ።"

"የምትገዙትን ነገርስ የሚሸጥላችሁ?"

"እሱም አይሞክርም።"

"በምን አወቅሽ?"

"ነግረውን ነዋ" አለችኝ።

አመስግኛት ዘጋሁ። ራሴን ያነጋገርኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ 13

የማዲያቱ ክሬም በየመደብሩ ወጥቷል። በታክሲ ሳልፍ መስታወት ውስጥ አየሁት። ክዳኑ ላይ ጥንቸሏ የለችም፤ ቅጠል ነው ያደረጉበት። ድምቢጥ አስነሥታት ይሆን ወይስ ባለ መነጽሩ? እሷ ናት ብዬ ማሰብ ፈለግሁ። አሁንም ለእሷ ምክንያት ስደረድር ራሴን ያዝኩት።

ሠርቷል ይላሉ፤ ፊት ያጠራል። ጸጉር ቤት የመጣች ሴት ጉንጯን አሳየችኝ። እውነትም ጠርታለች። "አንቺም ቢሆን ግንባርሽ ላይ ጀምሮሻልና ተቀቢው" አለችኝ። ራሷን አጠብኩላት።

ባለቤቴ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ያድራል፤ አንድ ገበታ እንበላለን። "ጨው አቀብለኝ" እለዋለሁ። ያቀብለኛል። ሌላ የለም። አንዳንዴ አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። አሁን ሳየው "ልነግርሽ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ" ያለው እውነት እንደነበር ይገባኛል። አልቀለለኝም።

እሁድ 21

ሚጡ ሰማች። እስከ ዛሬ ሱቁን ለምን እንደተውኩ "ደከመኝ" ነበር ያልኳት። ትምህርት ቤት አንዷ ልጅ "የናትሽ ክሬም ጥንቸል ይገድላል" አለቻት። ልብስ እያጠፍኩ ሳለ መጥታ ፊቴ ቆመች።

"ጥንቸሎቹ ሞቱ?"

"አዎ፣ ልጄ። ይመስለኛል።"

"በኔ ሥዕል ስር?"

"በአንቺ ሥዕል ስር።"

እንድታለቅስ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ጥያቄ የምታውቅ ልጅ ሆናለች፣ ሳላያት አድጋለች።

"አክስቴ ድምቢጥ ናት ያደረገችው?"

"እሷ ናት።"

"አንቺ አታውቂም ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

እውነት እውነቱን መለስኩላት፣ አንድም ሳልደብቅ። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው በዚህ ቤት ለሌላው ብሎ ዝም አይልም ብዬ ለራሴ ከማልኩ ሰንብቻለሁ። ሸሚዙን አጥፌ ሌላ አነሣሁ፤ የአባቷ ሸሚዝ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው። ጓሮ መላጊያው ሲሄድ ሲመጣ ይሰማል።

"አባዬስ? ያውቅ ነበር?"

መላጊያው ቆመ።

ልጄ ፊቴን ታያለች። አባቷን ትወደዋለች፤ ትምህርት ቤት ለአባቷ ሥራ "አናጺ" ብላ ስትጽፍ ሥሩን በቀይ ታሰምርበታለች። ጆሮዬ ሲቀላ ተሰማኝ፤ ሻሼን ዝቅ አደረግሁት።

"አያውቅም ነበር" አልኳት።

"እውነት?"

"እውነት።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ትከሻዋ ወረደ። "እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር" አለችና በሩን በርግዳ ወደ ጓሮ ሮጠች። "አባዬ!" ስትለው ሰማኋት፤ እሱ ግን ወዲያው አልመለሰላትም።

ሸሚዙን አጥፌ ጨረስኩ። ከሌሎቹ ላይ ደረብኩት።